ቁጠባ ማኅበራችን ያዋጣል ወይ? የዘጠኝ ዓመት አባል ምስክርነት

አዲስ መምህር ተመድቦ በመጣ ቁጥር፣ ገና የመጀመሪያ ደመወዙን ሳይቀበል የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ማኅበሩ ያዋጣል ወይ? ልግባ?» ለእያንዳንዱ ከሀ ጀምሬ ሳስረዳ ሻዬ እየቀዘቀዘ ተቸገርኩ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

የማወራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስላለ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ስሙን አልጠራም። አመራሮቹ ባልደረቦቼ ናቸው፣ ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ከታች ደግሞ ደስ የማይላቸውን ነገር ላነሳ ነው። እኔ 51 ዓመቴ ነው፣ 26 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ማኅበሩ ውስጥ የገባሁት በ2009 ነው።

መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ያዋጣል። ግን ለቁጠባው ብላችሁ ከሆነ የምትገቡት ይቅርባችሁ፤ የሚያዋጣው ብድሩ ነው። ይሄን ለመረዳት እኔ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ እሱንም ባለቤቴ ናት የነገረችኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መመዝገቢያ ትከፍላላችሁ፣ ዕጣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ ትገዛላችሁ፣ ከዚያ በየወሩ መደበኛ ቁጠባ ከደመወዝ ላይ ይቆረጣል። ገንዘቡ እጃችሁ ሳይገባ ነው የሚሄደው። እንደኔ ኪሱ ቀዳዳ ለሆነ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አልዋሽም። እኛ ጋ ለቁጠባ 8 በመቶ ይከፈላል። ብድር 13 በመቶ ነው፣ የቆጠባችሁትን እስከ አራት እጥፍ መውሰድ ይቻላል፣ ወርሃዊ ክፍያው ግን ከደመወዝ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም። ሁለት ደመወዝተኛ አባላት ዋስ ይሆናሉ። መደበኛ ቁጠባውን አባል ሆናችሁ እያላችሁ ማውጣት አይቻልም። ካስፈለጋችሁ ማመልከቻ ጽፋችሁ ከአባልነት ትሰናበታላችሁ፣ ሦስት ወርም ትጠብቃላችሁ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። የጎጃም ሰው ገንዘብን በጤፍ ካልለካው አይገባውም፣ እኔም ያው ነኝ።

በ2009 አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ እዚህ ሁለት ሺህ ብር ገደማ ነበር። የወር ቁጠባዬ 500 ብር ነበር። በሌላ አነጋገር በየወሩ 25 ኪሎ ጤፍ ማኅበሩ ጋ አስቀምጥ ነበር። የመጀመሪያዋ 500 ብር ዘጠኝ ዓመት በ8 በመቶ ተኝታ፣ ወለድ ወለድን እየወለደ፣ ዛሬ አንድ ሺህ ብር ሆናለች። እጥፍ! ደብተሩ ላይ ስታዩት ፈገግ ያሰኛል። ዛሬ ኩንታሉ ከአሥር ሺህ በላይ ነው። ያቺን አንድ ሺህ ብር ይዤ እህል በረንዳ ብሄድ ነጋዴው 10 ኪሎ እንኳ አይሞላልኝም። 25 ኪሎ አስቀምጬ፣ ወለድ ተጨምሮበት፣ 10 የማይሞላ ኪሎ ተመለሰልኝ።

በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ተናጋሪ አይጠፋም፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ የሚያስጨበጭብ። የኛ እንቁላል እግር አውጥቷል፣ እውነት ነው። የሚሄደው ግን ወደኋላ ነው።

ይሄ የማኅበሩ ጥፋት አይደለም፣ ልብ በሉልኝ። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል፣ ባንክ ብታስቀምጡም እዚያው አካባቢ ናችሁ። የኛ ማኅበር እንዲያውም በአንድ በመቶ ይሻላል። ብሩ ነው የሚያንሰው።

አሁን ወደ ብድሩ። በ2013 መጀመሪያ ላይ ደብተሬ 28 ሺህ ብር ደረሰ። እኔ ኩራቴ ሌላ ነበር። ማታ ማታ ደብተሩን እያወጣሁ አያለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ምጣድ ላይ ሆና፣ «አንተ ደብተር እያየህ ትስቃለህ፣ ቆርቆሮው እየሸሸን ነው» አለችኝ። ከጓሮ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞችና ተማሪዎች ቤት ይፈልጋሉ። እሷ ይሄን ሁሉ አስልታ ጨርሳ ነበር፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልነቃሁት።

100 ሺህ ብር ተበደርኩ። ለአራት ዓመት፣ በወር 2,680 ብር። በባህር ዛፍ ማገር፣ በጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ፣ ሁለት ሰርቪስ ክፍል አቆምን፣ በር መስኮቱ ብረት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ክፍል በ800 ብር አከራየነው። የሁለቱ ኪራይ 1,600፣ የብድሩ ክፍያ 2,680፣ ልዩነቱን ከደመወዝ እሞላለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ጠንከር ይላል፣ ሽሮ በብዛት በልተናል፣ ይሄን አልደብቅም።

ከዚያ በኋላ ግን የሆነውን ተመልከቱ። ኪራዩ በየዓመቱ ሲጨምር ክፍያው እዚያው 2,680 ላይ ቆመ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና ብሩ በሳምንታት ውስጥ በዶላር ከሃምሳዎቹ ወደ መቶ ምናምን ሲወርድ፣ ቆርቆሮውም ብረቱም ሚስማሩም አብሮ ሰማይ ሲወጣ፣ የኔ ክፍያ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። በ2017 ጨረስኩ። በድምሩ 28 ሺህ ምናምን ብር ወለድ ከፍያለሁ። ዛሬ ሁለቱ ክፍል በወር 5,000 ብር ያስገባሉ። ያንኑ ሁለት ክፍል ዛሬ በ100 ሺህ ሥራልኝ ብላችሁ ግንበኛ ብትጠሩ ስቆባችሁ ይሄዳል።

ስለዚህ በማኅበሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት አባል አለ። የሚበደርና የማይበደር። የማይበደረው ትጉህ ቆጣቢ ነው፣ ስብሰባ ላይ የሚመሰገነውም እሱ ነው፣ ለተበዳሪው ቤት የሚሠራለትም እሱ ነው። ይሄን ስናገር የሚቆጡ አሉ። ይቆጡ።

ብድር ደግሞ የት እንደሚገባ ነው ዋናው። በዚያው ዓመት ከኔ እኩል የተበደረ ጓደኛችን ሠርግ ደገሰበት። ሠርጉ ያምር ነበር፣ ድንኳኑ፣ ጠጁ፣ ሁሉም። አራት ዓመት ሙሉ የበላነውን ጥሬ ሥጋ ሲከፍል ኖረ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

አንደኛ፣ ዋስትና። ከባልደረቦቼ ለአንዱ ዋስ ሆንኩ። ጥሩ ልጅ ነበር፣ ዛሬም ጥሩ ልጅ ይመስለኛል። ሥራ ለቆ አዲስ አበባ ሄደ፣ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ከዚያ አንድ ወር ደመወዜን ስቀበል ጎድሏል። ሳጣራ ለካ ለእሱ ብድር ተቆርጦብኝ ነው። ሰባት ወር ተቆረጠብኝ። ዋስ እንደሆንኩ አውቃለሁ፣ ፊርማዬ ነው፣ ግዴታዬን አልካድኩም። የሚያናድደው ማንም ሰው «ሰውየህ ሁለት ወር አልከፈለም፣ ብታናግረው» ብሎ አለመደወሉ ነው። ቢሮውና ትምህርት ቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው! በኋላ ልጁ በራሱ ጊዜ ከፈለ፣ ገንዘቤም ተመለሰ፣ ያለ ወለድ። ባለቤቴ ግን እስካሁን «ፊርማህ እንዴት ዋለ?» ትለኛለች።

ሁለተኛ፣ መስኮቱ። አንዲት ገንዘብ ያዥ፣ አንድ መስኮት፣ በወር መጨረሻ የሰልፉ ርዝመት የፋሲካ ገበያ ነው። እህታችን ታታሪ ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ደብተሩ በእጅ ነው የሚሞላው። በዚህ ስንሳቅ ከርመን ግን ነሐሴ 2015 ላይ ክልሉ ውስጥ ሞባይል ዳታ ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቀር፣ ያ በእጅ የተሞላ ደብተር ነው መልሶ ያኮራን። ስልኩ ላይ ያለውን አፕ መክፈት ያቃተው ሰው ሁሉ በኮከብ 127 ቴሌብርን መነካካት በለመደበት ሰሞን የኛ ሒሳብ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ማየት ሌላ፣ ማውጣት ሌላ መሆኑን ግን ያኔ ተማርን። ማኅበሩ ራሱ ጥሬ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ባንክ ነው። ባንኩ የተዘጋ ቀን የኛም ካዝና ባዶ ነው። ለክፉ ቀን ያልነው ገንዘብ ክፉው ቀን ሲመጣ ተቆለፈ። ከዚያ ወዲህ የሁለት ወር አስቤዛ የሚሆን ብር ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ የት እንደሆነ ባለቤቴ ብቻ ናት የምታውቀው።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም የከፋው ነው፦ ማኅበሩ ጡረተኛ አባሉን የሚይዝበት መንገድ። ጡረታ የምታስቡ ሁሉ ይሄን ደጋግማችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የመንግሥት ጡረታን እንይ። ስሌቱ ሚስጥር አይደለም፣ ግን ስንቱን መምህር ጠየቅኩት፣ ከአሥሩ ስምንቱ አያውቀውም። ከደመወዛችን 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምራል። መውጫው 60 ዓመት ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከአሥር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ 55 በመቶ ማለት ነው። እኔ 60 ሲሞላኝ 35 ዓመት ይሆነኛል፣ 61.25 በመቶ።

«የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ» የምትለዋን ልብ በሉ። መስከረም 2018 ደመወዝ ተጨመረ። አንድ ሰው ሁለት ዓመት 10 ሺህ፣ ከጭማሪው በኋላ አንድ ዓመት 16 ሺህ ተከፍሎት ጡረታ ቢወጣ አማካዩ 12 ሺህ ነው። 30 ዓመት ካገለገለ ጡረታው 6,600 ብር ይሆናል። ትናንት 16 ሺህ ሲቀበል የነበረ ሰው! እሱ በልቡ 16 ሺህን በ55 በመቶ እያባዛ ነበር የሚተኛው።

እና ይህን ጉድለት ማኅበሩ ይሞላልኛል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ የፊዚክስ መምህራችን የነበሩትን ጋሼን ጠይቁ። ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆናቸው። ማኅበሩ ሲመሠረት ከነበሩት አንዱ ናቸው፣ ቁጠባቸው ከኔ ይበልጣል፣ አንድም ቀን ተበድረው አያውቁም፣ ዕዳ ይፈራሉ። ጡረታ ሲወጡ ደመወዝ የላቸውምና መበደር አይችሉም፣ መመሪያው እንዲህ ነው። ገንዘባቸው ግን አሁንም እዚያው ነው። «ልጄ፣ እኔ እኮ አሁን የእናንተ ባንክ ሆኛለሁ» አሉኝ ባለፈው፣ እየሳቁ። ሳቃቸው አላሳቀኝም።

በአንድ ጉባኤ ላይ እጄን አወጣሁ። ጡረተኛ አባል ቢያንስ በራሱ ቁጠባ ልክ ይበደር፣ ዋሱ የራሱ ገንዘብ ነው፣ ማኅበሩ ምን ይጎዳል? አልኩ። «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይታያል» ተባልኩ። አምቦ ውሃና ብስኩት ቀርቦ ተበተንን። እስካሁን እየታየ ነው።

ጉባኤውን ግን አትቅሩ። አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፣ አንድ ዕጣ ያለውም አሥር ዕጣ ያለውም እኩል ነው። ከትርፉ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ከተቀነሰ በኋላ ለዕጣ የሚከፋፈለው ስንት እንደሆነ እዚያ ነው የሚነገረው። ከሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ጊዜው አልፎ ያልተመለሰ ብድር ስንት ነው? ሒሳብ ሹሙ ቁጥሩን ቶሎ ከነገራችሁ ጥሩ ነው። ወረቀት ማገላበጥ ከጀመረ፣ ሻይ ሰዓት ላይ ያዙት።

ሌላው መንገድስ? እቁብ አለን፣ ወለድ የለውም፣ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከደረሷችሁ ከብድር ይሻላል፣ መጨረሻ ከደረሳችሁ ከቁጠባም ይብሳል፣ ዕድል ነው። ጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ ዝቅተኛውን ገዝቻለሁ፣ 33 አክሲዮን፣ አንዱ በ300፣ በድምሩ 9,900 ብር። ያው ተቀምጧል። ጥር 2017 አዲስ አበባ ላይ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ፣ ማለትም አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት ገበያ፣ ተከፍቷል፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ ለሚያየው ግን የሩቅ ዘመድ ሠርግ ነው፣ እንሰማለን እንጂ አንበላም።

አማቼ የሚኖሩት ፋግታ ለኮማ ነው፣ አዊ። እዚያ የሰው ሁሉ ጡረታ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ነበር። ችግኙን ትተክላላችሁ፣ በአራት በአምስት ዓመት ትቆርጣላችሁ፣ ከሰል አክስላችሁ ትሸጣላችሁ፣ መሬቱ ላይ እህል ትዘራላችሁ፣ እንደገና ትተክላላችሁ። የቆርቆሮ ቤቱ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ ሁሉም ከዚያ ነው የወጣው። እኔም በአንድ ወቅት በቁጠባዬ ፈንታ የእሳቸውን ማሳ ተጋርቼ ልትከል ብዬ ነበር። «ዛፍ ወለዱን በየቀኑ ነው የሚከፍለው» ይሉኝ ነበር። ከዚያ በሽታ ገባበት፣ ቅጠሉ ደረቀ፣ ከሰል ሳይሆን ማገዶ ሆኖ ቀረ። አማቼ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ድንች ተከሉ። እንዲህ ዓይነት ልብ ያለው ሰው በዛፍ ይቆጥብ፣ እኔ የለኝም።

እና የኔ ዕቅድ ይኸው። ቁጠባዬ አሁን 115 ሺህ ደርሷል። አንድ ጊዜ ብቻ እበደራለሁ፣ የመጨረሻዬ ነው። 230 ሺህ፣ ለአምስት ዓመት፣ በወር 5,200 ብር ገደማ ነው። 56 ዓመቴ ላይ ያልቃል፣ ደመወዝ እያለኝ። ለሦስተኛ ክፍልና ለውኃ ጉድጓድ ነው። 60 ሳልደርስ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ መልቀቂያ አስገብቼ ገንዘቤን አወጣለሁ። እንደ ጋሼ ባንክ ሆኜ አልቀርም። ብድሩ ላይ አንድ በመቶ ለመድን ይቆረጣል፣ ብሞት ዕዳው ይሰረዛል፣ ይሄኛውን ባለቤቴ ደጋግማ አስነብባኛለች፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አዲስ ገቢዎች፣ ዕድሜያችሁ ከ45 በታች ከሆነ ግቡ። በሦስት ዓመት ውስጥ በብድሩ ምን እንደምትገዙ ካላወቃችሁ አትቸኩሉ። 55 ካለፋችሁ ደግሞ ደጁንም አትርገጡ። ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ፣ ለብድሩ አራት፣ ለቁጠባው ሁለት፣ ለመስኮቱ አንድ፣ ያቺም አንድ ለእህታችን ፈገግታ ናት።

ለምዝገባ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ መታወቂያና ከመሥሪያ ቤት የደመወዝ ደብዳቤ ያዙ። ከወር መጨረሻ ራቁ፣ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ሰልፍ የለም። እኔ የብድር ማመልከቻዬን ያስገባሁት ባለፈው ማክሰኞ ነው። አሁን የቀረኝ ሁለት ዋስ ነው። ይሄን ያነበበ ባልደረባ ሁሉ ከሰኞ ጀምሮ ሻይ ክበብ ውስጥ እንደማይታየኝ አውቃለሁ።